ልጆቻችንን ማን ቀድሞ ያናግራቸው?

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን በአሜሪካ የሚያድጉ ታዳጊ ልጆችን ከትምባሆ ስለ መጠበቅ ነው። የማነሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ልጆቻችሁ ቤት ውስጥ ካሉ ጥሯቸውና አብራችሁ ስሙ፤ ከእነሱ ተደብቆ የሚወራ ነገር የለንም።

በ1990 መግቢያ ላይ አር ጄ ሬይኖልድስ የተባለው የትምባሆ ኩባንያ በፊላደልፊያ ከተማ አንድ አዲስ ሲጋራ ገበያ ላይ አውጥቶ ሊሞክር ተሰናድቶ ነበር። ስሙ «አፕታውን» ነው፤ ሜንቶል ያለበት፣ በጥቁርና በወርቃማ ቀለም ባማረ ፓኮ የታሸገ። ኩባንያው ሲጋራው የተዘጋጀው ለጥቁር አሜሪካውያን መሆኑን አልደበቀም። ሽያጩ የሚጀመረው ፌብሩዋሪ 5 ቀን ነበር፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ የጥቁሮች ታሪክ የሚዘከርበት ወር ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን የሲጋራዎቹ አቀማመጥ ነው። የኩባንያው ጥናት ብዙ ጥቁር አጫሾች ፓኮውን ከታች በኩል እንደሚከፍቱ ስላሳየ፣ ሲጋራዎቹ ፊልትራቸው ወደ ታች ዞሮ ተደረደሩ።

የከተማዋ የሃይማኖት አባቶች፣ ሐኪሞችና የሰፈር ማኅበራት ተሰብስበው መከሩ። ያጨሱም የማያጨሱም አብረው ነበሩ፤ ሁሉም የተስማሙበት ነገር ይህ ሲጋራ ከተማችን አይገባም የሚል ነው። ጃንዋሪ 18 ቀን የአሜሪካ የጤና ሚኒስትር የነበሩት፣ ራሳቸውም ጥቁር ሐኪም የሆኑት ዶክተር ሉዊስ ሱሊቫን በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተገኝተው የኩባንያውን ሥራ በአደባባይ አወገዙ። በማግስቱ ኩባንያው ዕቅዱን ሰረዘ።

ከዚህ ታሪክ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የፓኮው ነገር ነው። አንድ ድርጅት የአንድን ሕዝብ ልማድ፣ ፓኮ በየት በኩል እንደሚከፍት ድረስ፣ ቁጭ ብሎ አጥንቷል። እኛስ ወላጆች ልጃችን በኪሱ ምን ይዞ እንደሚዞር እናውቃለን? ትምባሆ ሻጮች የአሜሪካን ልጆች በጅምላ አላናገሯቸውም። ለጥቁሩ በጥቁሩ መጽሔትና ሙዚቃ፣ ለላቲኖው በቋንቋው፣ ለሌላውም እንደየአመጣጡ ነው የቀረቡት። እኛ ደግሞ ልጆቻችንን ስለዚህ ጉዳይ በምንም ቋንቋ አላናገርናቸውም። የዛሬው ዝግጅቴ ዋና ነገር ይኸው ነው።

ሜንቶልን ትንሽ ላብራራ። ሜንቶል ከናና ዓይነት ቅጠል የሚገኝ፣ በፋብሪካም የሚሠራ፣ ሲነካን የሚያቀዘቅዘን ነገር ነው። በሳል መድኃኒትና በጥርስ ሳሙና ውስጥ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሲጋራ ውስጥ ሲገባ የጉሮሮን መቆጣት ያደነዝዛል። አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋራ ሲስብ ያስለዋል፣ ያቃጥለዋል፣ ያስጠላዋል፤ ሰውነቱ «ይሄን አልፈልግም» ማለቱ ነው። ሜንቶል ያንን የሰውነት ተቃውሞ ያፍነዋል። ጭሱ ለስላሳ ይሆንለታል፣ ጠልቆ ይስበዋል። ኒኮቲን በአንጎል ላይ የሚሠራውን ሥራም ያጠናክራል። ስለዚህ ለጀማሪ፣ ማለትም ለልጅ፣ ከሜንቶል የተመቸ ሲጋራ የለም።

በ1950ዎቹ ከጥቁር አሜሪካውያን አጫሾች መካከል ሜንቶል የሚያጨሱት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ዛሬ 85 በመቶ ገደማ ናቸው። ይህ ለውጥ በራሱ ጊዜ የመጣ አይደለም። ኩባንያዎቹ በጥቁሮች መጽሔቶች አስተዋወቁ፣ የጃዝ ፌስቲቫል ስፖንሰር አደረጉ፣ ጥቁሮች በሚበዙባቸው ሰፈሮች በቫን እየዞሩ ሲጋራ በነጻ አደሉ። በቦስተን አንዲት ሴት ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳለች በምትኖርበት የመንግሥት ቤቶች ሰፈር ኒውፖርት የተባለ የሜንቶል ሲጋራ በነጻ ይሰጣት ነበር። ከረሜላ መግዣ አድርጋ ትለውጠው ነበር፤ በ13 ዓመቷ ግን ራሷ ማጨስ ጀመረች። በ54 ዓመቷ በሳንባ ካንሰር ሞተች። ልጇ ሎሪላርድ የተባለውን የኒውፖርት አምራች ከሰሰ፤ በ2010 ዳኞቹ ፈረዱለት፤ በ2013 የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 35 ሚሊዮን ዶላር ካሳውን አጸናው። ለ9 ዓመት ልጅ፣ አድማጮቼ፣ በእጇ፣ በነጻ።

በ2009 የወጣው የፌዴራል ሕግ በሲጋራ ውስጥ የቸኮሌትን፣ የቼሪን፣ የቅርንፉድን ጣዕም ከለከለ። ሜንቶልን ግን ተወው። በ2022 የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሜንቶልንም ለማገድ ሐሳብ አቀረበ፤ ጉዳዩ እየተጓተተ ቆይቶ በጃንዋሪ 2025 ሐሳቡ ተነሣ። እስከዚያው አንዳንድ ግዛቶች በራሳቸው ቀድመው ሄደዋል። ማሳቹሴትስ በ2020፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ በሕዝብ ድምፅ አስወስና በ2022 መጨረሻ አገዱት። ዋሽንግተን ዲሲም ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ማንኛውም ጣዕም የገባበት ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ የገባ ሰው ግን ነዳጅ ማደያው ውስጥ ያገኘዋል። የዲሲው ሕግ አንድ ሌላ በር ክፍት ትቷል፤ እሱም ሺሻ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

የሌሎችን ሕዝቦች ነገር ባጭሩ ልንካ። ለብዙ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ትምባሆ የጸሎት ነገር ነው፤ በሥርዓት የሚቀርብ፣ በየቀኑ የማይጨስ። አንድ ኩባንያ የእነሱን ምስል ፓኮው ላይ አትሞ «ተፈጥሯዊ» እያለ ሲጋራ ሸጠበት። የእነዚያ ሕዝቦች ታዳጊዎች በአገሪቱ ውስጥ ብዙ ትምባሆ ከሚጠቀሙት መካከል ናቸው። እዚያ ልጆችን የሚያስተምሩ ሰዎች «ትምባሆ ክፉ ነው» ብለው አይጀምሩም፤ የአባቶችን ትምባሆና የፋብሪካውን ትምባሆ ለይተው ያሳያሉ። ለራሳቸው ሰው በራሳቸው መንገድ። የእስያ ተወላጆች ደግሞ በጥናቶች ውስጥ በአንድ አምድ ሲቆጠሩ የሚያጨሱት ጥቂት ይመስላሉ፤ ኮሪያዊውን፣ ቬትናማዊውን፣ ካምቦዲያዊውን ለያይቶ ያየ ሰው ግን በመካከላቸው ትልቅ ልዩነት ያገኛል። በካሊፎርኒያ በቻይንኛ፣ በኮሪያኛና በቬትናምኛ የሚሠራ የማቆሚያ የስልክ መስመር የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ ልጆች የት ተቆጠሩ? «ጥቁር» በሚለው አምድ ውስጥ። በየዓመቱ ተማሪዎችን ስለ ትምባሆ የሚጠይቀው የአገሪቱ ጥናት የኢትዮጵያ ተወላጅ ብሎ ለብቻው አይለይም። ስለዚህ በአሌክሳንድሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሲያትል ወይም በሚኒያፖሊስ ከሚያድጉ የኢትዮጵያ ልጆች ስንቱ ቬፕ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ እንደሚስብ ሪፖርት ገልጦ የሚነግረን የለም። ያለን ዓይናችን ነው። ዓይናችን ደግሞ በአገር ቤት ልማድ ተጋርዷል።

ለምን እንዲህ አልኩ? በኢትዮጵያ በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች ከ100 ሰው 5 ብቻ ነበሩ፤ ከወንዶች 8፣ ከሴቶች 2 እንኳ አይሞሉም። ጋያ የሚስቡ አካባቢዎች አሉ፣ ጫት ባለበት ሲጋራውም ሺሻውም አይጠፋም፤ ቢሆንም አብዛኛው ሰው ያደገው ማጨስ ነውር በሆነበት ቤት ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም በዚህ ይስማማሉ። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በአፍሪካ ከጠነከሩት አንዱ ነው፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥን፣ በሕዝብ መገልገያ ስፍራ ማጨስን፣ ማስታወቂያን፣ ሺሻንና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ይከለክላል። እንግዲህ ከዚህ አገር የመጣች እናት «የእኛ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር አያውቁም» ብትል አይፈረድባትም። ያየችውን ነው የምትናገረው።

ልጇ ግን ያደገው ሌላ ቦታ ነው። በአሜሪካ የስደተኛ ልጆችን የተከታተሉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ነገር አለ፤ አዲስ የመጡት ታዳጊዎች ከእኩዮቻቸው ያነሰ ያጨሳሉ፣ እዚህ በቆዩ ቁጥር ግን፣ በተለይ እዚሁ የተወለዱት፣ ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ጋሻ በዝምታ አይወረስም ማለት ነው። በቃል መተላለፍ አለበት።

አሁን ዕቃዎቹን እንወቅ። ብዙ ወላጅ ሲጋራን በጠረኑ ይለያል፤ ልብስ ይሸታል፣ ጣት ያቢጫል። የዛሬው ልጅ የሚይዘው አይሸትም፣ ቢሸትም ማንጎ ማንጎ ነው። በ2015 ጁል የተባለው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ገበያ ወጣ፤ የኮምፒውተር ፍላሽ ይመስል ነበር። በአንዷ ትንሽ መሙያው ውስጥ ያለው ኒኮቲን የአንድ ፓኮ፣ የ20 ፍሬ ሲጋራ ያህል ነው። ኒኮቲኑ ጉሮሮ እንዳያቃጥል በአሲድ ተለዝቧል፤ ሜንቶል የሠራውን ሥራ እዚህ ኬሚስቱ ሠራው። በ2019 ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27.5 በመቶው ቬፕ ይስቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በጣም ወርዶ በ2024 7.8 በመቶ ደርሷል፤ ይህ ትልቅ የምሥራች ነው፣ ደስ ሊለን ይገባል። ቢሆንም በዚያው ዓመት የመካከለኛውም የሁለተኛ ደረጃውም ተደምሮ 1.63 ሚሊዮን ልጆች ይስቡ ነበር፤ ከ10ሩ 9ኙ ገደማ የሚስቡት ጣዕም ያለውን ነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ተጠቅመው የሚጥሏቸው ናቸው፤ የማድመቂያ ብዕር የሚመስል አለ፣ የልጅ መጫወቻ የሚመስል አለ፣ ትንሽ ስክሪን ያለው አለ። ሌላው ኒኮቲን ፓውች የሚባለው ነው፤ በከንፈርና በድድ መካከል የምትቀመጥ ነጭ ትንሽ ከረጢት። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ። ልጁ ራት ገበታ ላይ ከእናንተ ጋር ተቀምጦ በአፉ ውስጥ ልትኖር ትችላለች።

የተሳበ ኒኮቲን በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና በማደግ ላይ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የገባ ሱስ ሥሩ ይጠልቃል። አንዳንድ ልጅ በየቀኑ መሳብ ሳይጀምር ገና የሱስ ምልክት ይታይበታል። በአሜሪካ በየቀኑ ከሚያጨሱ አዋቂዎች ከ10ሩ 9ኙ ገደማ የመጀመሪያዋን ሲጋራ የሞከሩት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ኩባንያዎቹ ይህን ከማናችንም ቀድመው ያውቁ ነበር። የፌዴራል ዳኛ ግላዲስ ኬስለር በ2006 የሰጡት ፍርድ ከኩባንያዎቹ ሰነድ እየጠቀሰ ወጣቱን እንዴት ሲከታተሉት እንደነበር በገጽ በገጽ አሳይቷል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኒኮቲን ያጣ ልጅ ይነጫነጫል፣ ትኩረቱ ይበታተናል፣ እንቅልፉ ይረበሻል። እኛ ይህን ስናይ «ጉርምስና ነው» ብለን እናልፋለን። ክፍል ውስጥ በየሰዓቱ ሽንት ቤት ልሂድ የሚል፣ ክፍሉን ዘግቶ መስኮት የሚከፍት፣ ገንዘብ ምን ላይ እንዳዋለው የማይናገር፣ ስፖርት ላይ ቶሎ ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ሲገጥማችሁ፣ ከጉርምስናው ጎን ይህንንም ጠይቁ።

ወደ ሺሻው ልምጣ፤ ይህ በቀጥታ የእኛ ቤት ጉዳይ ነውና። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ፣ ሐበሻ በሚያዘወትራቸው አንዳንድ ምሽት ቤቶችም ጭምር፣ ሺሻ ከምግቡና ከሙዚቃው ጋር ይቀርባል። ልደት ሲከበር፣ ከሠርግ በኋላ ወጣቶች ሲሰባሰቡ፣ ያ ረጅም ቱቦ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ትልልቆቹ «ሲጋራ አይደለም፣ ውኃው ያጣራዋል» ይላሉ፤ ትንንሾቹ ይሰማሉ። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጣራውም። አንድ ሲጋራ 20 ጊዜ ገደማ ይሳባል፤ የአንድ ሰዓት ሺሻ 200 ጊዜ ገደማ። በአንድ ሰዓት ሺሻ ወደ ሳንባ የሚገባው ጭስ መጠን 90 ሺህ ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል፤ የአንድ ሲጋራው ከ500 እስከ 600 ነው። ከላይ የተቀመጠው ከሰል ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ አገር ቤት በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው ሰዎች የሚታፈኑበት ያው ጋዝ ነው። አፍ የነካውን ቱቦ መቀባበል በሽታም ያስተላልፋል።

ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ በመላው አሜሪካ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ማንኛውንም ትምባሆ መሸጥ ክልክል ነው፤ ሺሻም በዚህ ውስጥ ነው። ሕጉን ሻጩ ያክብር ብለን እንተወው። እኔ የማነሳው የታላላቆችን ነገር ነው። ለ17 ዓመት የአክስቱ ልጅ «አንዴ ሳቢ፣ ምንም አይልም» የሚል የ25 ዓመት ወጣት፣ እዚያች ሰዓት ላይ የትምባሆ ኩባንያውን ሥራ በነጻ እየሠራ ነው። ለእነዚህ ወጣቶች መንገር የወላጅ ድርሻ ነው፤ ደግሞም ይሰማሉ፣ በወግ ከተነገራቸው።

አሁን ምን እንደሚሠራ እንነጋገር። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ የአሜሪካ ታሪክ አለ፤ ለእኛ ከሌላው ሁሉ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች እኩል ለእኩል ሊባል በሚችል ደረጃ በየቀኑ ያጨሱ ነበር፤ ከሁለቱም ወገን ከ4 ተማሪ ከ1 በላይ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከነጮቹ ከ5 ተማሪ 1 ገደማ ያጨስ ነበር። ከጥቁሮቹ ግን ከ100 ተማሪ 5 እንኳ አይሞሉም። ያ ሁሉ ማስታወቂያ፣ ያ ሁሉ ቫን እያለ!

ተመራማሪዎች ታዳጊዎችን በየቡድኑ እየሰበሰቡ ምክንያቱን ጠየቋቸው። የጥቁር ቤተሰብ ልጆች በብዛት የተናገሩት ስለ ወላጆቻቸው ነው። በቤታቸው ነገሩ በግልጽ ተነግሯል፤ አይጨስም ተብሏል፣ ማጨስ ወላጅን መናቅ መሆኑን ያውቃሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ጎረቤቱም ያንኑ ይላል። ሌሎች ምክንያቶችም ይነሳሉ፤ የሲጋራ ዋጋ፣ ስፖርት፣ የመልክና የአቋም አመለካከት። የወላጅ ግልጽ ቃል ግን ከመካከላቸው በጉልህ ይታያል። እነዚህ እናቶች ብዙዎቹ ሀብት አልነበራቸውም፣ ጤና ባለሙያም አልነበሩም። ተናገሩ፣ ደጋገሙ፣ አልለሳለሱም።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ያሳዝናል። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ከ18 ዓመት በኋላ፣ ከቤት ከወጡ በኋላ፣ ጀመሩ። በየሰፈሩ ሱቅ ጣፋጭ ጣዕም ያላቸው ርካሽ ትንንሽ ሲጋሮች፣ በአንድና በሁለት ፍሬ ይጠብቋቸው ነበር፤ ሜንቶሉም አለ። ስለዚህ ልጃችን ኮሌጅ ሲገባ ቃላችን አብሮት ይግባ። የዶርም ዕቃ ስንገዛለት ስለ ቬፕና ስለ ሺሻ እንደገና እንናገር፤ «አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል» ብለን በዚያ ሰዓት አንተወው።

ከፍሎሪዳም አንድ ነገር እንማር። በ1998 እዚያ የተጀመረው «ትሩዝ» የተባለው ዘመቻ ልጆችን በሳንባ ሥዕል አላስፈራራም። ወጣቶቹ ራሳቸው ኩባንያዎቹን ፊት ለፊት እየጠየቁ ነው የሠሩት። በሁለት ዓመት ውስጥ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ማጨስ በ40 በመቶ፣ የሁለተኛ ደረጃው በ18 በመቶ ቀነሰ። ታዳጊ ልጅ በ60 ዓመትህ ትታመማለህ ቢሉት አይሰማም። ሰው እየተጫወተብህ ነው ሲሉት ግን ጆሮው ይቆማል። ልጃችሁን ስለ አፕታውን ፓኮ ንገሩት። የአሜሪካ ሲጋራ ኩባንያዎች በ2022 ብቻ 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለማስታወቂያና ለማሻሻጫ እንዳወጡ፣ ከዚያም አብዛኛው ዋጋ መቀነሻ እንደሆነ ንገሩት። ራሱ ይናደዳል።

አነጋገራችን ላይ ግን ልንጠነቀቅ ይገባል። ቬፕ ኪሱ ውስጥ ሲገኝ ከብዙዎቻችን አፍ የሚወጣው «ለዚህ ነው ወይ አገሬን ጥዬ የተሰደድኩት?» ወይም «ሰው ምን ይለናል?» ነው። ሕመሙ ይገባኛል፤ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ያሳደገ ሰው ይህን ቢል እውነት አለው። ልጁ ግን ከዚያ ንግግር የሚማረው መደበቅን ብቻ ነው። አንዲት እናትና የ15 ዓመት ልጇ እንዲህ ቢነጋገሩ እመርጣለሁ።

«ናቲዬ፣ ና እስቲ እዚህ ተቀመጥ። ልብስህን ሳጥብ ይሄን ኪስህ ውስጥ አገኘሁት።»

«የኔ አይደለም እማዬ፣ የጓደኛዬ ነው።»

«እሺ፣ የማንነቱ ይቆየን። መጀመሪያ ምን እንደሆነ ንገረኝ፤ እኔ አላውቀውም።»

«ቬፕ ነው በቃ። ሲጋራ አይደለም።»

«ኒኮቲን አለበት?»

«ትንሽ አለው መሰለኝ።»

«ያጣኸው ቀን ምን ትሆናለህ?»

«ምንም። ማለቴ... ትንሽ ያበሳጨኛል። ክፍል ውስጥ ሐሳቤ አይሰበሰብም።»

«እንግዲያው ይዞሃል ማለት ነው፣ የኔ ልጅ። እዚህ ቤት ይሄ ነገር አይገባም፤ በዚህ አልደራደርም። ለአባትህም እነግረዋለሁ፤ ካንተ ተደብቄ ሳይሆን አንተው ባለህበት። ግን ብቻህን ተወው አልልህም። ሰኞ ሐኪምህ ጋ አብረን እንሄዳለን።»

ይህች እናት አልጮኸችም፤ አልተለሳለሰችምም። «ያጣኸው ቀን ምን ትሆናለህ?» የምትለዋን ጥያቄ ያዙልኝ። «የማን ነው?» የሚል ክርክር ውስጥ ሳትገቡ ሱስ መኖሩንና አለመኖሩን ታወጣላችሁ። ደግሞ ይህ ንግግር ዕቃው እስኪገኝ መጠበቅ የለበትም። ከ11 እና ከ12 ዓመት ልጅ ጋር መጀመር ይቻላል፤ መኪና ውስጥ፣ ከትምህርት ቤት ስትመልሱት። አማርኛው የማይገባው ከሆነ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም ግድ የለም።

ራሳችሁ የምታጨሱ አባቶችም ትሰሙኝ ይሆናል። ሌሊት ታክሲ ስትነዱ፣ ፓርኪንግ ስትጠብቁ እንቅልፍ ለማባረር የጀመራችሁ ብዙ ናችሁ። «እኔ እያጨስኩ ምን አፍ አለኝ?» አትበሉ። አፍ አላችሁ። ቤት ውስጥና መኪና ውስጥ ፈጽሞ አታጭሱ፤ ለልጃችሁም «በዚህ ዕድሜዬ ልተወው ስታገል እያየኸኝ ነው፣ አንተ አትግባበት» በሉት። እንዲህ ያለ ቃል ከማያጨስ ሰው ምክር ይልቅ የሚከብድበት ጊዜ አለ። አብራችሁ ለማቆም ብትነሱማ ለሁለታችሁም ይቀላል።

ሱስ የያዘው ልጅ ሲያቆም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባድ ናቸው። ብስጭቱ፣ ጭንቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን ፈተና ወይም ትልቅ ጉዳይ እንዳይገጥመው ቀኑን አብራችሁ ምረጡ። አንዴ ቢወድቅ ሁሉ ነገር ፈረሰ አይባልም፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው ከተደጋገመ ሙከራ በኋላ ነው። የልጆች ሐኪሙ ሱሱ የጠነከረ ከሆነ እንደ ኒኮቲን ፕላስተር ያለ ሕክምና ያስፈልገው እንደሆነ ይመረምራል፤ ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ ለልጅ አትለጥፉ። ትምህርት ቤቱ ይዞት ከሆነ፣ ከቅጣቱ ይልቅ የምክር አገልግሎት እንዲሰጠው ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በመላው አሜሪካ የሚሠራ ትምባሆ ማቆሚያ የስልክ መስመርም አለ። ነጻ ነው፤ ወጣቶችንም ያስተናግዳል። ቁጥሩን ጻፉት፦ 1-800-784-8669። በምትኖሩበት ግዛት ካለው አገልግሎት ጋር ያገናኛችኋል። ልጁ ራሱ ቢደውል ይሻላል፤ እናንተም ስለ እሱ ምክር ለመጠየቅ መደወል ትችላላችሁ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊዝ» በሉና አስተርጓሚ እስኪቀርብላችሁ መስመሩ ላይ ጠብቁ። ቁጥሩን ልድገመው፦ 1-800-784-8669።